መብራት ሲጠፋ የተቀዳ

ባለቤቴና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ብርድ ልብስ ማጠፍ ነበር።

ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው። ብርድ ልብሱ ግራጫ ሆኖ ሁለት ቀይ መስመር አለው። ለሰፊ አልጋ የተሠራ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ሊያጥፈው አይመችም። እሱ ሁለቱን ጥግ ይዞ የጓዳው በር ላይ ቆመ፤ እኔ ሁለቱን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ወጥረን አራገፍነው። ከዚያ ወደ መሐል ተራመድን፣ የያዝኩትን ሰጠሁትና ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ጫፍ አነሣሁ።

"በግራ ነው" አለኝ።

ሁልጊዜ በቀኝ እጀምራለሁ፤ ሁልጊዜ በግራ ነው ይለኛል። በግራ አጥፈን ከጤፉ ጆንያ ላይ አስቀመጥነው። እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እኔ ፈተና ማረም ቀጠልኩ።

ብርድ ልብሱን ያጠፍነው መብራት ስለ መጣ ነው። ይህ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ባለቤቴ ዘፋኝ ነበር። ግጥሙን ራሱ ይጽፋል፣ ዜማውን ራሱ ያወጣል፣ ክራሩን ራሱ ይመታል፣ የሚቀዳውም ራሱ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ በመሆኑ ነበር። እኔ እዚያው አማርኛ አስተምራለሁ። የተዋወቅነው ጠመኔ ፈርሜ ስወስድ ነው። አንድ ፓኬት ጠይቄ ሁለት ሰጠኝ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለማንም መምህር ሁለት ሰጥቶ አያውቅም።

ቤታችን ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ቤቱን አይተን የወደድነው እሑድ ቀን ነበር። እሑድ ወፍጮው አይሠራም። ሻጩ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው አለን፤ እኛም በጆሯችን አረጋገጥን። ሰኞ ጠዋት ዕቃችንን እያራገፍን ሳለ ወፍጮው ተነሣ። ባለቤቴ አልጋውን እንደ ተሸከመ ቆሞ አዳመጠና "ድምፁ ሶል ኖታ ላይ ነው" አለ። ስለ ቤቱ ሌላ ነገር አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ እቤታችን ውስጥ ዘፈን መቅዳት የሚቻለው መብራት ሲጠፋ ብቻ ሆነ። እሑድ እንዳይቀዳ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ከዚያ እንግዳ ይመጣል። ክረምቱን በሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ግጥም ብቻ ይጽፍ ነበር። በበጋ ግን መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፣ የሰፈሩ ሙዚቃ ቤት ይዘጋል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም ይላል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያማርራል፤ ባለቤቴ ከተቀመጠበት ይነሣል። ሥራ ላይ ከሆነ የንብረት ክፍሉን ቆልፎ ለርዕሰ መምህሩ "መብራት ጠፍቷል" ይላል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ያለ መብራት ዕቃ መቁጠር እንደማይቻል ስለሚያስብ "እንግዲህ ምን ይደረጋል" ይለዋል። እሱም ወደ ቤት ይመጣል።

መቅረጫው ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ፣ በአራት ባትሪ የሚሠራ ነው። ብርድ ልብሱን የጓዳው ግድግዳ ላይ በሁለት ሚስማር እንሰቅላለን፤ ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ እንዳይመጣ። የጤፉ ጆንያዎች በሌላው በኩል ተደርድረዋል። የእኔ ሥራ ሦስት ነበር። የግድግዳ ሰዓቱን አውርጄ ግቢ ማውጣት፣ ከሰል ላይ ያለውን ድስት ማንሣት፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ድምፅ አለማሰማት። አውራ ዶሮም ነበረን፤ እሱ ከፋሲካ በፊት ሥራውን ለቀቀ።

መብራቱ አሥር ደቂቃ ይጥፋ ወይም እስከ ማግስቱ ይቆይ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ጊዜ ይቀዳዋል። ከተሳሳተ እዚያው ሰርዞ እንደገና ይጀምራል። የተበላሸ ነገር አያስቀምጥም። በሥራ ቦታው አንድ የተሰበረ ወንበር ለማስወገድ የአምስት ሰው ኮሚቴ ያስፈልገው ነበር፤ እቤት ኮሚቴ የለም። አንድ ጊዜ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ለምን ቆራርጦ እንደማይቀዳ ቢጠይቀው "እውነተኛነቱ እንዳይጠፋ ነው" ብሎ መለሰ። ወፍጮውን አላነሣም።

የዚያ ረቡዕ ዘፈን የአዲሱ ስብስቡ አሥራ አንደኛውና የመጨረሻው ነበር። አሥሩ አልቀዋል። ስለ መንገድ የሚናገር ረጅም ዘፈን ነው፤ መዝጊያው ይህ ነው፦

መንገዱ ረዘመ እያሉ ያማሉ፣
ቀስ ብለው የሄዱ መች ይዘገያሉ።

ከሁሉም ዘፈኖቹ ይህን ዘፈን ሁለት ዓመት ይዞት ዞሯል። በዚያ ቀን ከመጀመሪያው ጀምሮ እጁም ጉሮሮውም ተስማማለት። እኔ ዱካዬ ላይ ሆኜ እንደተሳካለት አውቄያለሁ። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደርስ የጓዳው አምፖል በራ።

"መጣ" አልኩ።

እዚህ አገር መብራት ሲመጣ ከቤተሰቡ አንዱ "መጣ" ይላል። ሁሉም እያየው ነው፣ ግን አንድ ሰው ይላል። እሱ ሲቀዳ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አምልጦኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ለምን እንዳመለጠኝ አላውቅም። እሱ ክራሩን በመዳፉ ይዞ ሳቀ።

"ይቅርታ" አልኩት።

"ነገ ይሄዳል" አለኝ። መብራቱን ማለቱ ነው። ከዚያ ብርድ ልብሱን አወረድን።

ሐሙስ መብራት አልጠፋም። ዓርብም አልጠፋም። ዓርብ ከሰዓት ባትሪ ሊገዛ ወጣ። ባለ ሱቁ እንደ ነገረኝ አራት ባትሪ ገዝቶ ኪሱ ከተተ፣ ከሱቁ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ፣ "ትንሽ ልረፍ" አለ። ልቡ ነው አሉ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር።

*

አዘፋፈኑ ዝግ ያለ ነበር። የሚወዱትም የማይወዱትም በዚህ ይስማማሉ። አንዳንዱ ሐዘን ነው ይላል፣ አንዳንዱ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ የወሰደው ነው ይላል። ትንሽ እውነት አለበት፤ ልጅ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሞ ማሕሌት ያዳምጥ ነበር፣ አንድን ፊደል ይዞ መቆየትን የተማረው ከዚያ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሙቀት ነው።

ያደገው ደጀን ነው። እናቱ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ከዋናው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራት። ከዓባይ በረሃ የሚወጡ የጭነት መኪናዎች ሞተራቸው እስኪበርድ እዚያ ይቆማሉ። ሾፌሮቹ የተበላሸባቸውን ካሴት ለእሷ ይተዉላታል። ካሴቶቹ የሚበላሹት ጋቢናው መስታወት ሥር ተቀምጠው በረሃውን ሲወርዱና ሲወጡ ፀሐይ ስለሚጠብሳቸው ነው። ክሩ ይለጠጣል። የተለጠጠ ክር ዘፈኑን ጎተት፣ ድምፁን ወፈር ያደርገዋል። በዚያ ላይ እናቱ ቴፑን የምታጫውተው በባትሪ ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ጣሪያ ላይ አስጥታ ፀሐይ አስመትታ ትመልሰዋለች። ባለቤቴ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ድረስ ዘፈን ማለት እንዲህ ያለ ነገር ይመስለው ነበር። የሱዳን ዘፈን፣ የወሎ ዘፈን፣ ሾፌሮቹ የሚወዱት የአሜሪካ የካውቦይ ዘፈን፣ ሁሉም በደከመ ባትሪ ላይ፣ በተለጠጠ ክር፣ እኩል ዝግ ብለው።

ከዚያ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዶ የሚወደውን ዘፈን ከደህና ካሴት በደህና ቴፕ ሰማው። የሰማውን ሲነግረኝ አልሳቀም።

"ሰውዬው ይሮጣል" አለኝ። "ምን እንዳሳደደው አላውቅም።"

"ትክክለኛው እኮ እሱ ነው።"

"አውቃለሁ። የሾፌሮቹ ግን ይሻላል።"

በዚህ ጉዳይ ሐሳቡን ቀይሮ አያውቅም። ሌሎች ምርጫዎቹም እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ ምክንያት ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክንያት ያምራል፣ እውነተኛው ሌላ ነው። ኢኮ የሚሉትን አይወድም፤ "ሰው ከዋሻ ውስጥ ምን አለኝ ብሎ ይዘፍናል?" ይላል። የማሽን ከበሮ አይወድም፤ አይደክምም ብሎ ነው። ደጋግመው የሚዘፍኑ ተቀባዮችን አይወድም፤ የንብረት ክፍል ሰው ስለሆነ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ ይከብደዋል። የሚወደው የአውቶቡስ ረዳት ጥሪ፣ ሾፌሮች ከዘፋኙ በታች ወርደው የሚያንጎራጉሩት፣ ሰው እየሠራ ለራሱ የሚዘፍነው ነው። እኔ ድስት እየፈተግሁ ስዘፍን በሩ ላይ ይቆማል። ካየሁት አቆማለሁ፤ ስለዚህ እንዳላየሁት እሆን ነበር።

ዘፈን አለቀ የሚለው በጋቢና ነው። ተቀድቶ ሲያበቃ ፍላሽ ላይ ይገለብጠዋል፣ ቅዳሜ ደጀን ይወርዳል፣ የቆመ የጭነት መኪና ይፈልጋል። ሾፌሩን ሞተሩን አስነሥቶ እንዲያጫውትለት ይለምነዋል። ቃሉ በሞተሩ ላይ ከተሰማ ዘፈኑ አልቋል፤ ካልተሰማ ተመልሶ መብራት እስኪጠፋ ይጠብቃል። ሾፌሮቹ ያውቁታል። "ያ ቀሰስተኛ መጣ" ይሉታል። ፍላሹን እዚያው ይተውላቸዋል፤ ስብስቡ ሲሟላ ሁሉንም በስልኩ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፈዋል፤ ከዚያ ማን እንደሰማው አይከታተልም።

*

አንድ አቀናባሪ ጓደኛ ነበረው። ከተማሪነት ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸው፤ አሁን አዲስ አበባ የራሱ ስቱዲዮ አለው። የመጀመሪያውን አልበም የሠሩት አብረው ነው። አቀናባሪው ኪቦርድ፣ ከበሮ፣ ሦስት ተቀባይ ሴቶች አስገባበት። እኛም ስንሰማው ጥሩ ነበር፤ ሰርግ ላይ ይጫወቱታል። ባለቤቴ አንድ ሰርግ ላይ ራሱን ሲሰማ እጁን ታጥቦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከአቀናባሪው ጋር መብላት መጠጣታቸውን ቀጠሉ እንጂ አብረው አልቀዱም። አቀናባሪው በየዓመቱ "አሁንስ?" ይለዋል። እሱም "እስኪ መብራት ይጥፋ" ይለዋል።

ቀብሩ ላይ ከእኔ በላይ ያለቀሰው አቀናባሪው ነው። ይህን የምጽፈው መጥፎ ሰው እንዳይመስል ነው።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለሐዘናችን ክብር ወፍጮውን ሦስት ቀን ዘጋ። ሦስት ቀን ሙሉ መብራት እያለ ጸጥ አለ። ባለቤቴ በሕይወቱ ያላገኘው ዕድል ነበር።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ከይጁቤ መጥታ አርባው እስኪወጣ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። እትዬ እላቸዋለሁ፣ ስጽፍም አንቱ ልበላቸው። እናቱ ሻይ ቤት ስትሠራ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጾማቸውን የሚጾሙ፣ ኪዳን የማያልፋቸው ሰው ናቸው፤ ዘፋኝነቱን አልወደዱለትም። አንድም ዘፈኑን ሰምቼ አላውቅም ይሉ ነበር። በመጡ ቀን ሬዲዮኑን በነጠላ ሸፈኑት።

"ክራሩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪው" አሉኝ።

አዞርኩት።

"እስከ ሙት ዓመቱ እዚህ ቤት ዘፈን አይከፈትም። የሱም ቢሆን።"

"እሺ እትዬ።"

"በተለይ የሱ።"

እሺ ያልኩት ወጉ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። መቅረጫውን መክፈት ፈርቼ ነበር። የመጨረሻውን ዘፈን በዚያ ረቡዕ ሰርዞት ይሁን ትቶት አላየሁም፤ ልማዱ መሰረዝ ነው። ሰርዞት ከሆነ ዘፈኑ የለም፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ትቶት ከሆነ አለ፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ሁለቱን ሳመዛዝን ዓመቱ ረዥም አልመሰለኝም።

መቅረጫውን ከነብርድ ልብሱ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። ከሆስፒታል የመለሱልኝን ኮቱንም እዚያው። በዚያ ዓመት መብራት ብዙ ጊዜ ጠፋ። ወፍጮው ሲቆም እነሣና የግድግዳ ሰዓቱን አውርጄ ግቢ አወጣው ነበር። ሦስት አራት ጊዜ ከሆነ በኋላ ሰዓቱን እዚያው ግቢ ተውኩት። ጎረቤቶች ሰዓት ማየት ሲፈልጉ አጥር ላይ ይመጣሉ።

አቀናባሪው ከሰማንያው በኋላ ደወለ።

"እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"የመጨረሻው ሥራ አለ አይደል?"

"አሥሩ አለ። አሥራ አንደኛውን አላውቅም።" የሆነውን ነገርኩት። ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

"አታስቢ" አለኝ። "ካለ ላኪልኝ። መጨረሻውን እቆርጠዋለሁ። ድምፁ ቁርጥ የሱን የሚመስል ልጅ አለ፣ ያቺን ስንኝ እሱ ይላታል። ማንም አይለይም።"

"ሌላውስ?"

"ሌላውን አለብሰዋለሁ። ባስ፣ ከበሮ። ደግሞ ትንሽ ፈጠን።"

"ፈጠን?"

"አሁን እኮ በኮምፒውተር ድምፁ ሳይቀጥን ይፈጥናል። ሰው ሠላሳ ሰከንድ ነው የሚታገሠው፣ እህት ዓለም። ከዚያ ያልፋል።"

"እሱ በሠላሳ ሰከንድ ገና አፉን አልከፈተም።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

ሙት ዓመቱ ይለፍ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስለ ከበሮው አላሰብኩም። "ማንም አይለይም" ያለውን ነው ያሰብኩት። ባለቤቴ ሁለት ዓመት የያዘው ዘፈን ላይ፣ ካልሰረዘው፣ ድምፄ ተቀምጧል፤ አንድ ሰው ሊያነሣው ይችላል፤ ማንም አያውቅም። ይህን ሳስብ ብዙ ወር ቆየሁ። እውነቱን ለመጻፍ፣ ልልክለት ወስኜ ነበር።

*

ሙት ዓመቱ ወጣ። እትዬ ከይጁቤ ተመልሰው መጡ፣ ካህናቱ ጸለዩ፣ ሰው በላ፣ ሰው ሄደ። በማግስቱ እትዬና እኔ የእድሩን ሰሃን እየደረደርን ሳለ ወፍጮው ቆመ። እኔ ሰሃን እንደያዝኩ ቆምኩ።

"ምን ሆንሽ?" አሉኝ።

"መብራት ጠፋ።"

"ይጥፋ እንጂ። ቀን አይደለም እንዴ?"

ቁም ሣጥኑን ከፍቼ መቅረጫውን አወጣሁ። የባትሪ ቤቱን ስከፍት ከአራቱ አንዱ ፈስሶ ነጭ ዱቄት ሠርቷል። በጨርቅ ጠረግሁት፤ ያልወጣውን በመርፌ ጫፍ ፋቅሁት። አዲስ ባትሪ እቤት አልነበረም። ከዚያ ኮቱ ትዝ አለኝ። ኪሱ ውስጥ አራቱ ባትሪዎች ከነማሸጊያቸው አሉ። እትዬ ሲያዩኝ ቆዩና ሄደው ከሬዲዮኑ ላይ ነጠላውን አነሡ፣ አጠፉት፣ ተቀመጡ። ፈቃድ እንደ ሰጡኝ ቆጠርኩት።

መቅረጫው በራ። ዝርዝሩ ውስጥ አሥራ አንድ ቁጥር አለ።

ተጫወተ። ክራሩ ብቻውን ረጅም ጊዜ ሄደ። እትዬ ዘንበል ብለው ሰሙና "ባትሪው ደክሟል" አሉ።

"አዲስ ነው እትዬ። የገዛው እሱ ነው።"

እሱ መዝፈን ጀመረ።

"እንግዲያው የእናታችን ቴፕ ነው" አሉ። "እንዲህ ነበር የሚለው።"

መጨረሻዋ ስንኝ ደረሰች። "መች ይዘገ" ይላል፣ ከዚያ የእኔ "መጣ" አለ፣ ከሥሩ የሱ ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ አላቋረጠውም። ሳቀ። ይቅርታ አልኩት። ነገ ይሄዳል አለኝ። እዚያ ያበቃል ብዬ ስጠብቅ አላበቃም። መቅረጫውን ሳያጠፋው ነው የተነሣው። ወፍጮው ተነሣ፣ ሚስማሩ ተንኳኳ፣ ብርድ ልብሱ ሁለት ጊዜ ተራገፈ። የእግራችን ድምፅ አለ። "በግራ ነው" ይላል። ከዚያ አንዳች ነገር ይንኮሻኮሻል፣ አውራ ጣቱ ይመስለኛል፣ ያበቃል።

እትዬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። "በግራ ያጥፍ ነበር?" አሉኝ።

"ሁልጊዜ።"

"እኔ ነኝ ያስተማርኩት።"

ሰሃኑን መደርደር ቀጠልን። አንድ ሰዓት ያህል ከሆነ በኋላ የአቀናባሪውን ሐሳብ ነገርኳቸው፤ ከበሮውን፣ ፍጥነቱን፣ መጨረሻዋን ስንኝ የሚላትን ልጅ። ዘፈን የማይሰሙ ሰው ስለሆኑ ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር።

"ያ ልጅ ማነው?" አሉ።

"የሱን ድምፅ የሚመስል ነው።"

"እኔ እኮ የአጎታችንን ልጅ እመስላለሁ። ስትሞት እሷ ናት ብለው ይቅበሩኝ?" አንድ ሰሃን አነሡ፣ አዩት፣ እንደገና እንዲታጠብ ወደ ጎን አደረጉት። "ደግሞ አታስሩጡት። ልጅ ሆኖም ሲሮጥ ይወድቃል።"

"ድምፄስ? የመጨረሻውን እኮ አበላሽቼበታለሁ።"

"መብራት መጥቶ አልነበረም?"

"መጥቶ ነበር።"

"እንግዲህ" አሉ።

በማግስቱ ለአቀናባሪው ደወልኩ። ዘፈኑ አለ አልኩት። ደስ አለው። እንዳለ እንደሚወጣ፣ ከሳቁ ላይ እንደሚያበቃ ነገርኩት።

"እህት ዓለም፣ ድምፅሽ እኮ አለበት። አድማጭ ምን ይላል?"

"መብራት መጣ ይላል።"

ከዚያ "እስኪ አሰሚኝ" አለ። ስልኩን ከመቅረጫው አጠገብ ያዝኩለት። ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ነው፤ ሠላሳ ሰከንዱ ሲያልፍ አልዘጋም። ሲያበቃ የነገረኝ ነገር ቢኖር የእኔ ድምፅ ከማይኩ ትንሽ መራቁን፣ ወደፊት ቀረብ ብዬ መቀመጥ እንዳለብኝ ነው። እሺ አልኩት።

ሳቁን ተከትሎ ያለውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ለብቻው አስቀርቼዋለሁ። የእኔ ነው። እትዬም ለማንም እንዳልሰጠው ነግረውኛል፤ ይጁቤ ሲሄዱ ግን ስልካቸው ላይ እንድጭንላቸው ጠየቁኝ።

ቅዳሜ ፍላሹን ይዤ ደጀን ሄድኩ። ዘፈኑ በሱ ደንብ ገና አላለቀም ነበር። ከመንገዱ ዳር ሞተሩን እያበረደ የቆመ የጭነት መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ ጸጉሩ የሸበተ ነው፤ ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየ።

"የቀሰስተኛው ባለቤት ነሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ነፍሱን ይማር። ግቢ።"

ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሳልነግረው ሞተሩን አስነሣ። ያውቀዋል። ዘፈኑ ሲጀምር እጁን መሪው ላይ አድርጎ ከታች ያንጎራጉር ጀመር፤ ቃሉን ስለማያውቀው ቃል የለውም። የሞተሩ ድምፅ ከባድ ነበር። ሆኖም የባለቤቴ ቃል ሁሉ ይሰማል፣ የመጨረሻዋም ጭምር፣ ከእኔ ሥር። "መጣ" የሚለው ሲደርስ ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ።

"ማናት?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን መጥቶ ነው?"

"መብራት።"

"አሃ" አለና ፍላሹን ሳያወጣ ሞተሩን አጠፋ። እዚያው ተውኩለት።

ዘፈኖቹን በስልኬ ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኳቸው፤ አሥራ አንዱንም፣ በተቀዱበት ቅደም ተከተል። ማን እንደሰማቸው አልከታተልም። ክራሩን ፊቱን መልሼዋለሁ፤ ጅማቱን ግን አላልቼዋለሁ፣ እንዳይበጠስ። ሰዓቱን ከግቢ አስገብቼ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጎረቤቶች ቅር አላቸው።

ብርድ ልብሱን አሁን አልጋዬ ላይ ነው የምለብሰው። ሳጥበው ብቻዬን አጥፈዋለሁ። ሁለቱን ጥግ በመስኮቱ ብረት መካከል አሾልኬ እቋጥራቸዋለሁ፣ ሌሎቹን ሁለቱን ይዤ ወደ ጓዳው በር እሄዳለሁ፣ ወጥሬ አራግፈዋለሁ። ከዚያ ሄጄ ቋጠሮውን እፈታለሁ፤ በግራ እጀምራለሁ።